ሀኪማ ጨው በዛ ያለች ጊዜ

የልጄ ሚስት ሀኪማ ቤታችን በገባች በመጀመሪያው ሳምንት ሩዝ በዓሣ ሠራሁላት። ደስታም ድንጋጤም ይዞኝ ስለነበር ጨዉን ሁለት ጊዜ ጨመርኩት። ልጄ ረምዚ አንዴ ጎረሰና ሳህኑን ገፋ አደረገ። ሀኪማ ግን ጠርጋ በላች። «እጅዎ ይባረክ ኡሚ፣ እንዲህ ያለ ሩዝ ድሬዳዋም በልቼ አላውቅ» አለችኝ። እኔም አመንኳት። ልጅቷ ጨው ትወዳለች ብዬ ከዚያ በኋላ የእሷን ድርሻ ለብቻ እያነሣሁ ጨው አክልበት ነበር። ከምግብ በኋላ ያን ሁሉ ውኃ የምትጠጣው የጅቡቲን ሙቀት ስላልለመደችው መስሎኝ ነበር። እውነቱን የነገረኝ ረምዚ ነው፤ እሱም ልጃቸው ናዒማ ከተወለደች በኋላ።

ሀኪማ ማለት እንዲህ ናት። ሰው ፊት ጉድለት አታነሣም።

የተወለደችው ድሬዳዋ፣ መጋላ ውስጥ፣ ከጨርቅ ነጋዴ ቤት ነው። በፈረንጆቹ 1998 በባቡር ጅቡቲ መጥታ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ከእኛ ጋር መኖር ጀመረች። ቤታችን ባለቤቴ ሙጠሊብ፣ አላህ ይማረውና፣ ቅመም ይሸጥበት ከነበረው ሱቅ ጀርባ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ የጽሕፈት መኪና መምታት ተምራ ስለነበር ብዙ ሳትቆይ አንድ የትራንዚት ቢሮ ቀጠራት። ከመርከብ የሚወርደውን ዕቃ ወደ ኢትዮጵያ የሚያሻግር ቢሮ ነው። እዚያ ከወደብ ሠራተኞቹ ሶማሊኛ፣ ከሹሞቹ ፈረንሳይኛ ለመደች። ዐረብኛውን ከቤቷ ይዛው መጥታለች። ስልክ ስታነሣ «ሀሎ» ካለች በኋላ ትንሽ ዝም ትላለች፤ በየትኛው ቋንቋ እንደምትቀጥል እየጠበቀች ነው።

እኔን ፊደል ያስቆጠረችኝም እሷ ናት። ስድሳ ዓመት እስኪሞላኝ ማንበብ አልችልም ነበር። የመድኃኒት ብልቃጥ ይዤ ወደ ሀኪማ እሄድና «መነጽሬን የት እንዳደረግሁት እንጃ፣ ይህን አንብቢልኝ» እላለሁ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። እሷም ታውቃለች። አንድ ቀን «ኡሚ፣ ከምኒልክ አደባባይ አለፍ ብሎ ማክሰኞ ማክሰኞ የሴቶች ትምህርት ተከፍቷል። ብቻዬን መሄድ አፍሬያለሁ፣ ይሸኙኝ» አለችኝ። ሸኘኋት። ያቺ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ከጎኔ ቁጭ ብላ ከእኔ ጋር ሀሁ ትል ነበር። ስሜን በራሴ እጅ እስክጽፍ ድረስ ከጎኔ አልተነሣችም።

አስተማሪያችን ሰብለወርቅ ትባላለች፤ ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። በዚያ ሙቀት ከሩቅ በእግሯ ስለምትመጣ እናዝንላት ነበር። «ገባችሁ?» ስትለን ሁላችንም «ገባን፣ ተባረኪ» እንላለን። አንድ ቀን ጠመኔዋን አስቀመጠች። «እናቶቼ፣ ሁሉም ከገባችሁ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?» አለች። ከዚያ ወዲህ «ገባችሁ?» ማለቱን ትታ በየተራ «የቱ ጋ ጠፋብሽ?» ትለን ጀመር። እኔ ‹ደ› እና ‹ጀ› ይምታቱብኝ ነበር፤ ነገርኳት። ለይቼ ያወቅኋቸው ያን ዕለት ነው።

ወደ ሀኪማ ልመለስ። ቢሮ ውስጥ አለቃዋ ጀላሉዲን የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ የአስተዳደሩ ኃላፊ። ስለምንም ነገር ሲጠየቁ «ሀኪማን ጠይቁ» ይላሉ። የመጀመሪያ ዲግሪዋን ናዒማን እያጠባች በርቀት ትምህርት ስትጨርስም ከእኛ ይልቅ የፎከሩት እሳቸው ናቸው። ጡረታቸው ሲቃረብ ሁሉም ወንበሩ የእሷ ነው ብሎ ነበር። በዚያው ጊዜ ግን ድርጅቱ ከውጭ አገር ሸሪክ ጋር ተቀላቀለና አዲስ ደንብ ወጣ። የአስተዳደር ኃላፊ የሚሆን ሰው በንግድ ሥራ አመራር ሁለተኛ ዲግሪ ይኑረው፤ ዲግሪውም የሙያው ማኅበር ዕውቅና የሰጠው ይሁን ተባለ።

እንደ ዕድል ሆኖ ሄሮን ሰፈር፣ ባሕሩ አጠገብ ካሉት የፈረንሳይ ዘመን ሕንፃዎች በአንዱ፣ ማታ ማታ ይህንኑ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ያቋቋሙት ሙሴ ሙሕሲን፣ ሙሴ በፈረንሳይኛ አቶ ማለት ነው፣ ከሐረር ነጋዴ ቤተሰብ የወጡ፣ ፈረንሳይ አገር የተማሩ ሰው ናቸው። ሀኪማ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዷ ሆነች። ከሥራ ትመጣለች፣ ልጆቿን ታያለች፣ ፀሐይ ስትጠልቅ መግሪብ ሰግዳ ትወጣለች።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ጠየቅኋት። «ትምህርት ቤቱ ዲግሪውን ከሰጠሽ፣ ሌላ ዕውቅና ምን ያደርግልሻል?»

«ትምህርት ቤቱንም የሚፈትነው ሰው ያስፈልጋል ኡሚ። የሙያ ማኅበሩ ሰዎች ከውጭ ይመጣሉ። ምን እንደምንማር፣ ማን እንደሚያስተምረን፣ ስንመረቅ ሥራውን እንደምንችል ይመረምራሉ። ካመኑበት ዲግሪዬ የትም አገር ዲግሪ ነው። ካላመኑበት እዚሁ ግድግዳ ላይ ሰቅለን እናየዋለን።»

«የአባባ ሚዛን ማለት ነው» አለ ረምዚ እያላመጠ።

እውነቱን ነው። ሙጠሊብ በሕይወት ሳለ በየዓመቱ አንድ ሰው የራሱን ብረት ይዞ እየመጣ የሱቁን ሚዛን ይመዝነው ነበር። ማኅተም ሲያደርግበት ደንበኛው አይጠራጠርም። እኔም ነገሩ ገባኝ።

መርማሪዎቹ የመጡት በፈረንጆቹ 2012 መጀመሪያ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ነው። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት። ሙሴ ሙሕሲን ተማሪዎቹን ሰብስበው «ክቡር እንግዶች ይመጡብናል። እንግዳ እንዴት እንደሚያዝ ለእናንተ አልነግራችሁም» አሏቸው። መንገርም አላስፈለገም። ሀኪማና እኔ ሳምቡሳ ስንጠቀልል ዋልን። ሌላው ሐልዋ፣ ሌላው ተምር ይዞ ሄደ። ግድግዳው ቀለም ተቀባ።

ሴትዮዋ ተማሪዎቹን ለብቻቸው አስቀምጣ «ከትምህርታችሁ ምን ይጎድላል?» ብላ ጠየቀች።

«ዝም አልን» አለችኝ ሀኪማ በማግስቱ። «ከዚያ አንዱ ‹አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ጥሩ ነው› አለ። ሌላው ‹አስተማሪዎቻችን እንደ አባት ናቸው› አለ። አንዱማ መብራቱን አመሰገነ።»

«በዋዜማው መብራት ጠፍቶባችሁ በስልክ ብርሃን አነበብን አላልሽኝም?»

«ስልኩን የያዘልን ሰውዬ ነው ያመሰገነው።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«እኔ ሳምቡሳ ጨመርኩላት።»

ሳቅን። ደግ አደረግሽ አልኳት። የቤት ገመና እንግዳ ፊት አይዘረገፍም፤ ሁላችንም ያደግነው በዚሁ ነው።

መልሱ ከወራት በኋላ መጣ። ዕውቅናው ለጊዜው አልተሰጠም። ሙሴ ሙሕሲን ለተማሪዎቹ እንደነገሯቸው፣ መርማሪዎቹ ስለ አስተማሪዎቹም ስለ ፈተናውም የከፋ ነገር አላሉም። ያላማራቸው ሌላ ነው። ያን ሁሉ ተማሪ ጠይቀው አንድ ቅሬታ አልሰሙም። ጉድለት የሌለበት ትምህርት ቤት አይተን አናውቅም፤ ስለዚህ ወይ ተማሪዎቹ ፈርተዋል፣ ወይ የሚጠይቃቸው የለም። ተማሪውን የማይሰማ ትምህርት ቤት ራሱን ሊያርም አይችልም። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሰን እናያለን ብለዋል።

ሀኪማ ያን ቀን ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ቁጭ አለች። «አክብረን ገደልነው ኡሚ» አለችኝ።

ጀላሉዲን በዚያው ሰሞን ጡረታ ወጡ። ድርጅቱ ሀኪማን በተጠባባቂነት በቦታቸው አስቀመጣት። በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ዕውቅና ያለው ዲግሪ ካላመጣች ግን ሌላ ሰው ከውጭ እንደሚያመጡ በግልጽ ነገሯት። ስንት ዓመት የሠራችውን ሥራ ለሌላ ሰው አስተምራ ልታስረክብ ነው ማለት ነው።

ሙሴ ሙሕሲንም ያን ትምህርት ቤት ለማቋቋም ጸጉራቸው ሸብቷል። ሁለተኛው ጉብኝት ሲቃረብ አንድ መላ ዘየዱ። መርማሪዎቹ ጉድለት ካሉ ጉድለት ይቀርብላቸዋል፤ ግን የማያሳፍር ጉድለት። ለየተማሪው አንድ አንድ አደሉ። ለአንዱ የግቢው ዛፍ ጥላው አንሷል፤ ለሌላው ወንበሩ ጠንከር ይላል። ባንክ ለምትሠራው ለሀኪማ ጓደኛ ለሻሼ ደወሉ ይጮኻል የሚለው ደረሳት። ለሀኪማ የሻይ ዕረፍት አጭር ነው።

ይህን ስትነግረን ረምዚ ሳቁ አመለጠው። «የሻይ ዕረፍት? አንቺ ሻይ አትጠጪ።»

«አትሳቅ።»

«እሺ፣ እውነተኛው ጉድለት ምንድን ነው?»

«ቤተ መጻሕፍቱ መግሪብ ላይ ይቆለፋል፤ እኛ የምንደርሰው ከመግሪብ በኋላ ነው። ከውጭ የሚመጣው አስተማሪ በሁለት ሳምንት ውስጥ የዓመቱን አስተምሮ ይሄዳል፤ ያልገባንን የምንጠይቀው የለም። የሚያስተምሩን ምሳሌ ሁሉ የፈረንሳይ ፋብሪካ ነው። ወደብ ላይ የጭነት መኪና ተሰልፎ ሲውል ምን እንደሚደረግ አንድም ቀን አልተማርንም።»

«ታዲያ ይህን በያ። የእኔን ጉድለት ለመዘርዘር ፈቃድ ጠይቀሽ አታውቂም።»

«አንተ ባሌ ነህ። ሙሴ ሙሕሲን ግን ሌላው ሁሉ ‹ባለትዳር ነሽ፣ ልጆች አሉሽ› ሲለኝ ‹ነይ ግቢ› ያሉኝ ሰው ናቸው። እሳቸውን ባዕድ ፊት ላዋርዳቸው? ደግሞ እኔ ተናግሬ ዕውቅናው ቢቀርስ? የክፍሉ ሁሉ ልፋት በእኔ አፍ ሊጠፋ ነው።»

እኔም ስለ ገመና የማውቀውን ልነግራት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ኡሚ፣ ሰብለወርቅ ጠመኔዋን ያስቀመጠችበት ቀን ትዝ ይልዎታል?»

«እንዴት እረሳዋለሁ።»

«ዝም ብለን ‹ገባን› ስንላት ያከበርናት መስሎን ነበር። እሷ ግን ፊቷ የፈካው እርስዎ ‹እነዚህ ሁለቱ ይምታቱብኛል› ያሏት ዕለት ነው። ከጎንዎ ሆኜ አይቻታለሁ።»

አፌን መልሼ ዘጋሁ።

ጉብኝቱ ሊደርስ ባለበት ሰሞን ሩዝ በዓሣ ለምሳ አቀረብኩ። ሀኪማ ቀመሰችና ማንኪያዋን አስቀመጠች። ጉንጯ ቀላ።

«ኡሚ።»

«አቤት የኔ ልጅ።»

«ሩዙ ጨው በዝቶበታል።»

ረምዚ ማላመጡን አቆመ። ናዒማ አንዴ እናቷን፣ አንዴ እኔን ታያለች። አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። አልዋሽም፣ ቆንጠጥ አደረገኝ። ከዚያ ቀመስኩት። እውነትም በዝቶበታል። ያረጀ ምላስ አይታመንም፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሚበዛ ማን ያውቃል።

«መለማመጃ ያደረግሽው እኔን ነው?» አልኳት።

«ከእርስዎ የሚከብደኝ ሰው የለም። እርስዎን ከቻልኩ ሴትዮዋን እችላታለሁ።»

ያን ሩዝ ሎሚ ጨምቀንበት በላነው።

የጉብኝቱ ዕለት በሩ ላይ በርጩማ አውጥቼ ጠበቅኋት። ከሻሼ ጋር መጣች። ሻሼ ገና ከሩቅ «እማማ ማይሙና፣ ልጅዎ ጉድ አፈላች» አለች። አስገብቼ አስቀመጥኳቸው። ያወራችው ሻሼ ናት፤ ሀኪማ እግሯን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክራለች።

«ያችው ያምናዋ ሴትዮ ናት። የመጀመሪያው ልጅ የዛፉን ጥላ አነሣ። ሁለተኛው ወንበሩን። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፤ ‹ደወሉ ይጮኻል› አልኩ። ሴትዮዋ ብዕሯን ከደነች። ‹እንግዲያው ጥሩ ደወል ነው› አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ ይቺ ተነሣች። ‹ይህን ትምህርት ቤት እወደዋለሁ፤ ስለዚህ የጎደለውን እነግርዎታለሁ› አለች። ቤተ መጻሕፍቱን አለች፣ አስተማሪውን አለች፣ የፈረንሳዩን ፋብሪካ አለች። ሴትዮዋ ብዕሯን መልሳ ከፈተች። ወዲያው ያ ዐምና መብራቱን ያመሰገነው ሰውዬ ብድግ ብሎ ‹መብራትም ይጠፋል› አይል መሰለዎት? ከዚያማ ማን ያቁመን።»

ሀኪማ አልሳቀችም። «ስንወጣ ሙሴ ሙሕሲን በሩ ላይ ቆመው ነበር» አለች። «መርማሪዎቹ የተባለውን ነግረዋቸዋል። አየኋቸው፤ ፊታቸውን አዞሩ።»

በማግስቱ አርብ ነው። ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ሙሴ ሙሕሲን ናቸው፤ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ብቻቸውን። የቀዘቀዘ የሎሚ ውኃ አቀረብኩላቸው። አልነኩትም። ሀኪማ የመቀመጫው ጫፍ ላይ ናት።

«ሁለት ዓመት ስትገቢም ስትወጪም ሰላም ብለሽኝ ነው የምታልፊው» አሏት። «አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍቱ ተዘጋብን አላልሽኝም።»

«አላልኩም ሙሴ።»

«ቁልፉ እኮ እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ዘበኛው በጊዜ ልግባ ስላለኝ ነው የማስቆልፈው። ብትነግሪኝ ያን ዕለት አስከፍተው ነበር። ለባዕድ ከምትናገሪ ለእኔ መንገር አይቀልሽም?»

«አይቀለኝም» አለች ሀኪማ መሬት መሬት እያየች። «ለባዕድ ይቀላል። የከበደኝ እርስዎን ስለማከብር ነው። ደግሞም አልጠየቁኝም፤ የሻይ ዕረፍት አጭር ነው በይ አሉኝ እንጂ።»

ረምዚ ሳል አመጣ። እኔ ብርጭቆውን አያለሁ። ሙሴ ሙሕሲን ብርጭቆውን አንሥተው ባንድ ትንፋሽ ጨለጡት።

«ለነገሩ አንቺ ሻይ አትጠጪም» አሉ።

ሀኪማ ቀና አለች። ፈገግ ብለው አገኘቻቸው። «እንግዲህ ዛሬ ልጠይቅሽ። ሌላስ ምን ይጎድላል?» አሏት። ነገረቻቸው። እስከ ዐስር ሶላት፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ፣ ተቀመጡ። አንዳንዱን ተከራከሯት፤ አንዳንዱን ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሟት። ሲወጡ ሀኪማ እስከ በር ሸኘቻቸው።

«በእኔ ምክንያት ብንወድቅስ?» አለቻቸው።

«ብንወድቅ ቤተ መጻሕፍቱ ክፍት ሆኖ እንወድቃለን» አሉና ሄዱ። በሚቀጥለው የትምህርት ቀን ሀኪማ ስትደርስ እውነትም መብራቱ በርቶ፣ በሩ ተከፍቶ ጠበቃት።

ከዚያ በኋላ ውጤቱን መጠበቁ ግን ቀላል አልነበረም። የሞቃቱ ወራት ትኩስ ነፋስ መጣ፣ ከተማው በሩን ዘጋ፣ የሚችለው ወደ ድሬዳዋ ሸሸ። ሀኪማ አንድ ቀን ቢሮዋ ስትገባ አንድ ከውጭ የመጣ ሰው ክፍሏ ውስጥ ቆሞ መጋረጃውን እያየ አገኘችው። ይቅርታ ጠይቋት ወጣ። ይተካሻል የተባለው ሰው መስሏት ማን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ቤት መጥታም ለረምዚ አልነገረችውም። ለእኔ ነገረችኝ። እጇን ያዝኳት።

ስልኩ የተደወለው የቀኑ ሙቀት በረድ ሲል ነው። «ሀሎ» አለችና እንደ ልማዷ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ በአማርኛ «እውነትዎን ነው ሙሴ?» ስትል ሰማሁ። ዕውቅናው ተሰጥቷል። ለሦስት ዓመት ነው፤ ያውም ከግዴታ ጋር። ቤተ መጻሕፍቱ ትምህርት እስኪያበቃ ክፍት ይሁን፤ እዚሁ የሚኖር አስተማሪ ይቀጠር፤ የወደቡና የመንገዱ ሥራ ትምህርት ውስጥ ይግባ፤ ተማሪዎች በየመንፈቁ ቅሬታቸውን የሚናገሩበት ቀን ይኑር። ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ያያሉ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ዲግሪም ዕውቅና እንዳለው ይቆጠራል።

ሀኪማ ስልኩን አስቀምጣ ናዒማን ግንባሯን ሳመቻት። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች። ውኃ ልትጠጣ መስሎኝ ስከተላት ግድግዳ ተደግፋ ቆማ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። አብሬያት ቆምኩ።

ዓመቱ ሳያልቅ ዲግሪዋን ይዛ ሹመቷ ጸና። ጀላሉዲን ምርኩዛቸውን ይዘው እንኳን ደስ ያለሽ ሊሏት መጡ። «ሀኪማን ጠይቁ ስል እኮ ሰነፍ እመስላቸው ነበር» ብለው አሳቁን።

የመጀመሪያው የቅሬታ ቀን ሲደርስ ሙሴ ሙሕሲን ሰብሳቢ ያደረጉት ሀኪማን ነው። እኔም ሳምቡሳ ይዤ ሄድኩ፤ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ክፍሉ በአዲስ ተማሪዎች ሞልቷል። ሀኪማ ከፊት ቆማ «ምን ይጎድላል?» አለች። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገና «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ሲጀምር ሙሴ ሙሕሲን ከጥግ ሆነው «እሱን ከሶላት በኋላ በለው፣ አሁን ጉድለቱን አምጣ» አሉት። ተሳሳቁ፤ ግን አሁንም የሚናገር ጠፋ።

ሀኪማ ወደ እኔ ተመለከተች። ፈቃድ እየጠየቀችኝ መሆኑ ገባኝና ራሴን ነቀነቅሁላት። የሩዙን ነገር ነገረቻቸው፤ ውኃውንም፣ ለብቻ የማክልላትን ጨውም። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ፤ ሁሉም ዞረው አዩኝ። አንዲት ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠች ወጣት፣ ግማሽ ሳምቡሳ በእጇ ይዛ፣ እጇን አነሣች።

«እማማ አይቀየሙኝና» አለች፣ «የዛሬው ሳምቡሳ ቃሪያው በዝቷል።»

«ይመዝገብ» አሉ ሙሴ ሙሕሲን።

ልጅቷ አልተቀመጠችም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀችና ጉሮሮዋን ጠረገች። «ሌላም አለኝ» አለች። «የሂሳብ አስተማሪያችን ሲያስረዱ በጣም ይፈጥናሉ። የት ጋ እንደጠፋብን ሳይጠይቁን ያልፋሉ።»

ሀኪማ ብዕሯን አነሣች።